ትሱኔሳቡሮ ማኪጉቺ፦ ስለ ጃፓናዊው መምህርና የሥነ ምግባር ፈላስፋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ማኪጉቺ ሳወራ የሚሰማኝ ሰው መጀመሪያ ስሙን እንድደግምለት ይጠይቀኛል። ቀጥሎ «እና ምን አደረጉ?» ይለኛል። እኔ መምህር ነኝ፤ ወሬዬ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ትምህርት ቤት ይገባል። ስለ እሳቸው ደጋግሞ የሚመጣልኝን ጥያቄ እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማኪጉቺ ማን ናቸው?

ትሱኔሳቡሮ ማኪጉቺ ጃፓናዊ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ ርእሰ መምህር፣ የጂኦግራፊ ጸሐፊና የሥነ ምግባር ፈላስፋ ናቸው። በ1871 ተወለዱ፤ በ1944 ቶኪዮ ውስጥ እስር ቤት አረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ጥያቄ ሲያላምጡ ኖሩ። ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ለማን ተብሎ ነው? የዘመናቸው መንግሥት መልሱ በእጁ ነበር፤ ለአገርና ለንጉሠ ነገሥቱ። እሳቸው ግን «ለልጁ ለራሱ ደስታ» አሉ። ከዚያች መልስ ንቅንቅ አላሉም።

ዩኒቨርሲቲ አልተማሩም፣ ፕሮፌሰርም አልነበሩም። ፍልስፍናቸው የተወለደው ጥቁር ሰሌዳ ፊት፣ ጠመኔ ይዘው ነው። እኔን መጀመሪያ የሳበኝ ይኸው ነው።

ልጅነታቸው እንዴት ነበር?

የተወለዱት ዛሬ ኒጋታ በሚባለው ግዛት፣ በጃፓን ባሕር ዳርቻ፣ አራሃማ በምትባል መንደር ነው። ያኔ ስማቸው ቾሺቺ ዋታናቤ ነበር። አባታቸው ቤተሰቡን ጥለው ሄዱ። ልጁን ማኪጉቺ የሚባሉ ዘመዶች ወስደው አሳደጉት፤ የቤተሰብ ስማቸው የመጣው ከዚያ ነው። ትሱኔሳቡሮ የተባሉት ደግሞ ካደጉ በኋላ፣ በ1893 ነው።

14 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ ሆካይዶ ደሴት ተሻገሩ። ኦታሩ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ተላላኪ ሆነው ገቡ። ሥራ ሲቀል መጽሐፍ ይዘው ይቀመጣሉ። በ1889 ሳፖሮ ያለው የመምህራን ማሠልጠኛ ገቡ፤ በ1893 ተመርቀው እዚያው ማስተማር ጀመሩ።

ሰው ቤት አድጎ፣ እየተላላከ የተማረ ልጅ በየሰፈራችን አለ። ስለዚህ ይህን የሕይወታቸውን ክፍል ለእኛ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። የሆካይዶን ብርድ ግን ልብ በሉ። በበረዶ ወራት ልጆች እጃቸው ተሰነጣጥቆ ይመጣሉ። ወጣቱ መምህር ውሃ አሙቀው የልጆቹን እጅ ይዘፈዝፉላቸው ነበር እየተባለ ይተረካል።

የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ስለ ጂኦግራፊ ነው ይባላል። ታዲያ እንዴት የሥነ ምግባር ሰው ተባሉ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱ አንድ ሕፃንና አንድ ቆርቆሮ ወተት ውስጥ ነው።

ማኪጉቺ በ1901 የሳፖሮ ሥራቸውን ትተው ከቤተሰባቸው ጋር ቶኪዮ ገቡ። የያዙት አንድ ትልቅ ረቂቅ ነበር። ሺጌታካ ሺጋ የሚባሉ ታዋቂ የጂኦግራፊ ምሁር ረቂቁን አይተው ረዷቸው። መጽሐፉ በጥቅምት 1903 ታተመ፤ ገጹ ወደ 1000 ይጠጋል። ርእሱ በእኛ ቋንቋ «የሰው ልጅ ሕይወት ጂኦግራፊ» እንደማለት ነው። ደራሲው ያኔ 32 ዓመታቸው ነበር።

የዚያን ጊዜ ጂኦግራፊ ሽምደዳ ነው። የወንዝ ስም፣ የተራራ ከፍታ፣ ዋና ከተማ። ማኪጉቺ ግን ከራሳቸው ቤት ይነሳሉ። የለበስኩት የሱፍ ልብስ ጥሬ ዕቃው ከደቡብ አሜሪካ ወይም ከአውስትራሊያ የመጣ ነው ይላሉ፤ የተፈተለው በእንግሊዞች ጉልበት፣ በእንግሊዝ ብረትና ከሰል። የጫማዬ ሶል የአሜሪካ ቆዳ ነው፤ ላዩ የህንድ። ፋኖሴን የሚያበራው ላምባ ከካስፒያን ባሕር ዳር፣ ከካውካሰስ ተራሮች ግርጌ የተቀዳ ነው። የመነጽሬ መስታወት የጀርመኖች እጅ ሥራ ነው።

ከዚያ ወደ ሕፃን ልጃቸው ይዞራሉ። የእናት ጡት ስላልበቃው ሐኪሙ የስዊዘርላንድ ወተት አዘዘለት። ስለዚህ ያ ጃፓናዊ ሕፃን ከስዊዘርላንድ ተራራ እረኞች ጋር ተሳሰረ። የለበሰው ጥጥ ደግሞ ፀሐይ እያነደደው ጥጥ የሚለቅም ህንዳዊ ላብ ነው። ገና አፉን ያልፈታ ልጅ፣ ሳያውቀው የዓለም ባለዕዳ ሆኗል።

ሥነ ምግባሩ ያለው እዚህ ነው። ካርታ ላይ ያለው አገር ስም ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ልጅህን ያጠባው ሰው ቤት ይሆናል። ውለታ ያለበት ሰው ደግሞ ባለውለታውን ጠላት ብሎ ለመጥራት ይከብደዋል። መጽሐፉ በወጣ በወራት ውስጥ፣ በየካቲት 1904፣ ጃፓን ከሩሲያ ጋር ጦርነት ገጠመች። የካውካሰስ ላምባ በዚያ ዘመን የሚቀዳው ከሩሲያ ግዛት ነበር። የደራሲውን ጠረጴዛ ያበራው የነገው «ጠላት» ዘይት ነበር ማለት ነው።

«ሰብአዊ ውድድር» የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ያለ ሐሳብ ነው። አገሮች መጀመሪያ በጦር ይወዳደራሉ፣ ከዚያ በፖለቲካ፣ ከዚያ በኢኮኖሚ። ማኪጉቺ አራተኛ ደረጃ መምጣት አለበት ይላሉ፤ ሰብአዊ ውድድር። በጉልበት መብለጥ ይቅር፤ ሌላው ወድዶ የሚከተልህን ነገር በመሥራት ብለጥ። ራስህን ስትጠቅም ሌላውንም ጥቀም። «ውድድር ይጥፋ» አላሉም። የሚወዳደሩበት ነገር ይለወጥ ነው ያሉት።

ከየትኞቹ የዘመናቸው ምሁራን ጋር ይቀራረቡ ነበር?

በ1910 አካባቢ በኢናዞ ኒቶቤ ቤት አንድ የጥናት ማኅበር ይሰበሰብ ነበር፤ ስለ ገጠር መንደሮችና ስለ አካባቢ ኑሮ የሚወያይ። ኒቶቤ በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ምክትል ዋና ጸሐፊ የሆኑት ናቸው። የጃፓን የባህል ጥናት አባት የሚባሉት ኩኒዮ ያናጊታም ነበሩበት፤ ማኪጉቺም። በ1912 ማኪጉቺ የአካባቢ ጥናት የትምህርቶች ሁሉ ማዕከል ይሁን የሚል መጽሐፍ አወጡ። ልጁ ሰፈሩን፣ ወንዙን፣ ገበያውን ይወቅ። ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ታሪኩም ከዚያ ይውጣ።

ከዚህ ሌላ ለቻይና ተማሪዎች ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ በትምህርት ሚኒስቴርም የመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ላይ ሠርተዋል። ከአንደኛ ደረጃ በኋላ ትምህርት ቤት መቀጠል ላልቻሉ ልጃገረዶች በፖስታ የሚላክ ትምህርትም አዘጋጅተው ነበር። ገንዘብ አጥሮት ቆመ። እኔ ግን እዚህ ጋ ቆም እላለሁ። በዚያ ዘመን ትምህርት ያመለጣትን ልጅ ያሰበ ስንት ሰው ነበር?

ርእሰ መምህር ሆነው ምን ሠሩ?

ከ1913 ጀምሮ ለ20 ዓመት ገደማ በቶኪዮ የተለያዩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን መሩ። በየቦታው የሚገጥማቸው ችግር አንድ ዓይነት ነው። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ስም ያወጣል፣ መምህራኑ ይወዷቸዋል፣ ከዚያ ከባለሥልጣን ጋር ይጋጫሉ፣ ከዚያ ይዛወራሉ።

ኒሺማቺ በሚባለው ትምህርት ቤት የሆነው በደንብ ይታወቃል። የአካባቢው ፖለቲከኞች ልጆቻችን ይለዩልን ይላሉ። እሳቸው እምቢ አሉ። ጥቂት ወር ሳይቆዩ የዝውውር ደብዳቤ መጣ። ወላጆችና ተማሪዎች ተቃወሙ፤ ዝውውሩ ግን አልቀረም።

የተላኩት ሚካሳ ወደሚባል፣ የድሆች ልጆች ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ቅጣት መሆኑ ነው። ማኪጉቺ ከቤተሰባቸው ጋር ግቢው ውስጥ መኖር ጀመሩ። ብዙዎቹ ልጆች ምሳ አይዙም። ርእሰ መምህሩ የሩዝ ብስኩትና ሚሶ የሚባለውን የአኩሪ አተር ሾርባ ያቀርቡላቸው ጀመር። ስለዚያ ትምህርት ቤት የሚተረከው ታሪክ እንደሚለው ምግቡን ክፍል ውስጥ አያድሉም። በጥበቃው ክፍል ያስቀምጡታል። የራበው ልጅ ማንም ሳያየው ገብቶ ይወስዳል።

ይህች «ማንም ሳያየው» ነገር ከአንድ ሙሉ የሥነ ምግባር መጽሐፍ ትበልጥብኛለች። ያስተማረ ሰው ያውቀዋል። ልጅ ረሃቡን ይችላል፤ በጓደኞቹ ፊት የራበው ልጅ መባልን ግን አይችልም። ስለ ሰው ክብር የሚጽፍ ሰው ሳህኑን የት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ አለበት። እሳቸው ያውቁ ነበር።

ከ1922 እስከ 1931 ሺሮካኔ የተባለውን ትምህርት ቤት መሩ። ዋናው መጽሐፋቸው የወጣውም እዚያ እያሉ ነው።

በዋናው መጽሐፋቸው ርእስ ውስጥ ያለው «ሶካ» ምን ማለት ነው?

እሴት መፍጠር ማለት ነው። ከሁለት የጃፓንኛ ቃላት፣ ከ«ሶዞ» (መፍጠር) እና ከ«ካቺ» (እሴት)፣ ተቆርጦ የተሠራ አዲስ ቃል ነው። ከጆሴይ ቶዳ ጋር ሲወያዩ የወጣ ስም ነው ይባላል። ቶዳ ከሆካይዶ የመጣ ወጣት መምህር ነበር፤ ማኪጉቺ በ1920 ሥራ ሰጡት፣ ከዚያ ወዲያ ከአጠገባቸው አልተለየም። በኋላ የራሱን የማስጠኛ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በደንብ የተሸጠ የሒሳብ መጽሐፍም ጻፈ። የመምህሩን መጽሐፍ ለማሳተም ገንዘብ ያወጣው እሱ ነው። ማኪጉቺ ዓመታት ሙሉ በብጥስጣሽ ወረቀት የጻፉትን ማስታወሻ ሰብስቦ ያደራጀውም እሱ ነው።

የ«እሴት ፈጣሪ ትምህርት ሥርዓት» የመጀመሪያ ቅጽ በኅዳር 18 ቀን 1930 ታተመ። እስከ 1934 አራት ቅጽ ወጣ። ኒቶቤና ያናጊታ ለመጽሐፉ መግቢያ ጻፉለት። መግቢያው ላይ ማኪጉቺ ለምን እንደጻፉ ሲናገሩ ቁጣቸው ይታያል። አሥር ሚሊዮን የሚሆኑ ልጆች በመግቢያ ፈተና ጣጣ፣ በ«ፈተና ሲኦል» እና ከምረቃ በኋላ በሥራ ፍለጋ ሲሰቃዩ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም ነው የሚሉት። እንዲህ የሚጽፉት በ1930 ነው። የእኛን የማትሪክ ሰሞን ያየ ሰው ዓመተ ምሕረቱን ሁለት ጊዜ ያነበዋል።

ስለ እሴት ያላቸው ፍልስፍና በቀላሉ ምንድን ነው?

በዘመኑ የጀርመን ፍልስፍና የተማረ ሰው ከፍተኛ እሴቶች ሦስት ናቸው ይላል፤ እውነት፣ በጎነት፣ ውበት። ማኪጉቺ እውነትን ከዝርዝሩ አወጡት። በምትኩ ጥቅምን አስገቡ። የእሳቸው ሦስቱ ውበት፣ ጥቅምና በጎነት ናቸው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። እውነትን ማውጣት ማለት ውሸትን መፍቀድ ይመስለዋል። አይደለም። የሚሉት እውነት የሚገኝ ነገር ነው፤ እሴት ግን የሚፈጠር ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ ነው።

በራሴ ምሳሌ ልሞክር። «ዛሬ ዝናብ ዘነበ።» ይህ እውነት ነው። ማንም ቢለው፣ ማንም ቢጠላው ያው ነው። አሁን ገበሬውን ጠይቁት። በሐምሌ ከሆነ እሰየው ይላል። ጤፉ ታጭዶ አውድማ ላይ ሳለ ከሆነ ራሱን ይይዛል። ዝናቡ አንድ ነው፤ ለሰውየው ሕይወት ያለው ዋጋ ግን ተገለበጠ። እሴት ማለት ይህ ነው፤ በአንድ ነገርና በሰው ሕይወት መካከል ያለ ግንኙነት። ዝናቡን መለወጥ አንችልም። አውድማውን መሸፈን ግን እንችላለን። ትምህርት ልጁን የሚያዘጋጀው ለዚያ ነው።

ሦስቱን እሴቶች በስፋታቸው ይለያሉ። ውበት ስሜትን የሚነካ፣ የሕይወትን አንድ ጎን የሚያስደስት ነው። ጥቅም የአንድን ሰው ሕይወት በሙሉ የሚያሻሽል ነው። በጎነት ደግሞ የማኅበረሰቡ ጥቅም ነው። ስለዚህ ጥቅምን አይንቁም። ድሃ ልጅ ያስተማረ ሰው «ጥቅም አትፈልጉ» ብሎ መስበክ አይችልም። ብቻ ጥቅምህ እዚያው አንተ ላይ አይቁም ነው የሚሉት።

በሥነ ምግባር በኩል በጣም ጠንካራዋ ሐሳባቸው በጎ አለማድረግ ክፉ ከማድረግ አይለይም የምትለው ናት። መንገድ ላይ ድንጋይ ያስቀመጠ ሰው ጥፋተኛ ነው። አይቶ ያለፈውስ? ማታ መኪናው ሲገለበጥ ውጤቱ አንድ ነው። «እኔ ማንንም አልነካሁም» የምትለዋን የለመደች መከላከያችንን ይወስዱብናል። ይህን ሐሳብ ያገኘሁ ሰሞን ለብዙ ቀን አላስተኛኝም።

የትምህርት ግቡ ደስታ ነው ሲሉ ልጁ ይዝናና ማለታቸው ነው?

አይደለም። ደስታ የሚሉት እሴት መፍጠር የሚችል ሰው ሕይወት ነው። ሰው በሌላው ላይ ተንጠልጥሎ ከሚኖርበት ኑሮ ወደ ራሱን የቻለ ኑሮ፣ ከዚያ ለሌላው ወደሚያበረክት ኑሮ ያድጋል ይላሉ። ብቻውን ደስተኛ የሆነ ሰው ለእሳቸው ገና መንገድ ላይ ነው።

መምህሩ ዕውቀት እየቆራረጠ የሚቸረችር ነጋዴ መሆኑ ይቅር ይላሉ። ልጁ ራሱ የዕውቀቱን ግምጃ ቤት የሚከፍትበትን ቁልፍ ይስጠው።

ግማሽ ቀን ትምህርት የሚለው ሐሳባቸው ከእኛ ፈረቃ ጋር አንድ ነው?

መልኩ ይመሳሰላል፤ ሐሳቡ ይለያል። እኔ ራሴ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ነበርኩ። ፈረቃው የመጣው ክፍል ስለጠበበ ነበር፤ የቀረው ግማሽ ቀን የማንም አልነበረም። ኳስ፣ ውሃ መቅዳት፣ ሱቅ መላክ።

ማኪጉቺ ሁለቱንም ግማሽ ያሰቡበት ነው። ግማሹን ቀን ልጁ ይማራል፤ ግማሹን በሥራ፣ በሙያ ልምምድ ያሳልፋል። ይህ ለአንድ የዕድሜ ክልል ብቻ ሳይሆን እስከ ከፍተኛ ትምህርት የሚሄድ ነው። ሕንፃው በተለያየ ጊዜ ብዙ ተማሪ ስለሚያስተናግድ ወጪ ይቀንሳል፣ የፈተናውም ግፊያ ይላላል። ቁምነገሩ ግን ሥራ የማያውቅ ምሁርና መማር ያቆመ ሠራተኛ እንዳይኖሩ ነው።

አስተዳደሩንም አልማሩትም። ርእሰ መምህርነት በዝምድናና በደጅ ጥናት ከሚገኝ በብቃት ፈተና ይሁን አሉ። የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪዎች ሥርዓት ይቅር አሉ። ይህን የሚሉት ደመወዝ እየበሉ፣ እዚያው ሥርዓት ውስጥ ተቀምጠው ነው።

የቡድሂዝም እምነት ተከታይ ነበሩ?

አዎ። በ1928፣ በ57 ዓመታቸው ገደማ፣ ኒቺረን ሾሹ የሚባለውን የቡድሂስት ክፍል ተቀበሉ። ከቶዳ ጋር ያቋቋሙት የመምህራን ማኅበር፣ ሶካ ክዮይኩ ጋካይ፣ መጀመሪያ ትምህርት ላይ ያተኮረ ነበር። ከ1930ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሃይማኖታዊነቱ እየጎላ መጣ።

ለምን ታሰሩ?

በአንድ ክታብ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን መንግሥት እያንዳንዱ ቤት ከኢሴ ታላቅ የሺንቶ (የጃፓን ነባር እምነት) ቤተ መቅደስ የሚመጣ ክታብ እንዲያስቀምጥ ይፈልግ ነበር። ይህ ለንጉሠ ነገሥቱ ያለህ ታማኝነት ማረጋገጫ ነው። በ1943 የገዛ እምነታቸው ካህናት ሳይቀሩ ማኪጉቺን ጠርተው ክታቡን ተቀበሉ፣ ችግር ይለፍ አሏቸው። እምቢ አሉ። በመንግሥት ፊት እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ በራስህ ካህናት ፊት እምቢ ማለት ግን ብቻ ያስቀራል።

በሐምሌ 6 ቀን 1943 ሺሞዳ በምትባል ከተማ ሳሉ ተያዙ። ክሱ የሰላም ማስጠበቂያ ሕግን መጣስና የንጉሠ ነገሥቱን ክብር መንካት ነው። 72 ዓመት የሞላቸው አዛውንት ናቸው። ከእሳቸው ጋር ወደ 20 የሚሆኑ የማኅበሩ መሪዎች ታስረው ነበር፤ አብዛኞቹ እምነታቸውን ክደው ወጡ። ማኪጉቺና ቶዳ አልካዱም።

የምርመራው ቃል ተመዝግቦ ቀርቷል። ማኪጉቺ ለመርማሪዎቹ ንጉሠ ነገሥቱም ሊሳሳት የሚችል ተራ ሰው ነው ብለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ እንደ አምላክ በሚቆጠርበት አገር፣ በጦርነት መሐል፣ ለፖሊስ።

ታዲያ የፀረ ጦርነት ታጋይ ልንላቸው እንችላለን?

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይሻላል። ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ተቃውሟቸው ዋናው የእምነት ነፃነት ነበር፣ ጦርነቱን ራሱን ፊት ለፊት አላወገዙም ይላሉ። ተከታዮቻቸው ደግሞ ጦርነቱ የቆመበትን መሠረት ነቅለዋል ይላሉ። እኔ እንደሚገባኝ የታሰሩት በክታቡ ነው። ግን ክታቡን እምቢ ያሉት እጆች የስዊዘርላንዱን ወተትና የህንዱን ጥጥ የጻፉት እጆች ናቸው። ገድል የሚጽፍ ሰው የሚፈልገውን ብቻ ይመርጣል፤ እኛ ሁለቱንም ብናይ ይሻላል።

እንዴት አረፉ?

ብቻቸውን ከሚታሰሩባት ክፍል ለቤተሰባቸው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ እየተመረመረ የሚወጣ። አንዱ ላይ የጀርመናዊውን ፈላስፋ የካንትን ፍልስፍና በጥሞና እያነበቡ እንደሆነ ይገልጻሉ። ዕድሜ ልካቸውን የተከራከሩትን ፈላስፋ፣ እስር ቤት ሆነው እንደገና። ወታደር የነበረው ልጃቸው በቻይና መሞቱን የሰሙትም እዚያው ሆነው ነው።

በኅዳር 18 ቀን 1944 በምግብ እጦት ተጎድተው አረፉ። 73 ዓመታቸው ነበር። የመጽሐፋቸው የመጀመሪያ ቅጽ ከታተመ በቀኑ 14 ዓመት ሆነው። የተራበ ልጅ ሾርባ ይበላ ዘንድ ያሰቡት ሰው በረሃብ ሞቱ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህ ረዘም አድርጌ መጻፍ አልቻልኩም።

ከሞቱ በኋላ ምን ሆነ?

ቶዳ በሐምሌ 1945 ተፈታ። ማኅበሩን «ሶካ ጋካይ» ብሎ እንደገና አቋቋመው። ዛሬ በጃፓን ትልቅ የቡድሂስት ማኅበር ነው፤ በሌሎች አገሮችም አባላት አሉት። በማኪጉቺ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ትምህርት ቤቶች በ1968 ተከፈቱ፣ ሶካ ዩኒቨርሲቲ በ1971፣ በካሊፎርኒያ ያለው ደግሞ በ2001።

ማኅበሩ በጃፓን ብዙ ያከራክራል፤ በተለይ በ1964 ከተመሠረተው ኮሜይቶ ፓርቲ ጋር ባለው ግንኙነት። ያ ክርክር ማኪጉቺ ከሞቱ በኋላ የመጣ ነው። መምህሩን ለማንበብ የማኅበሩ አባል መሆን አያስፈልግም፤ እኔም አይደለሁም።

ከኢትዮጵያ ጋር ግንኙነት ነበራቸው?

ቀጥታ የለም። ግን የዘመኑ መገጣጠም ይደንቀኛል። በ1931 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን የተቀዳው በአብዛኛው ከጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት ነው። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙ፤ ስላዩትም መጽሐፍ ጻፉ። ምሁሮቻችን «እንደ ጃፓን በሆንን» የሚሉበት ጊዜ ነው፤ ደግሞም ምክንያት ነበራቸው። ብላቴን ጌታ ቶኪዮ ሲገቡ ማኪጉቺ እዚያው ከተማ ርእሰ መምህር ነበሩ። እኛ ከውጭ ሆነን የምናደንቀውን አገር፣ እሳቸው ከውስጥ ሆነው «ልጆቻችንን ምን እያደረግናቸው ነው?» ይሉ ነበር። ሁለቱ ሰዎች መገናኘታቸውን የሚያሳይ ነገር አላየሁም። ቢገናኙ ኖሮ ብዬ ግን አስባለሁ።

መምህር ነኝ። ነገ ክፍል ገብቼ ምን ልሞክር?

የፋኖሱን ነገር ሞክሩ። ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ ልጆቹን ከቤት አንድ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፣ ከየት እንደመጣ እንከተላለን አልኳቸው። አንዱ የጫማ ማሰሪያ፣ አንዱ የባትሪ ድንጋይ አመጣ። አንዲት ልጅ የቡና ሲኒ ይዛ መጣች። «ይሄ የኛው ነው፣ ከየትም አልመጣም» አለች በኩራት።

ገልብጪው አልኳት። ቂጡ ላይ በደቃቃ ፊደል «ቻይና» የሚል ጽሑፍ አለ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጫጫ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ «ቡናው ግን የኛ ነው! አጎቴ ጅማ ቡና አለው» አለ። ሌላው «ቻይኖችስ ቡና ይጠጣሉ?» ብሎ ጠየቀ። ከጠጡ የማንን ይጠጣሉ? በምን ሲኒ? ያን ሸክላ የጋገረው ሰው ልጅ አለው? ስንተኛ ክፍል ነው? ሰሌዳው ላይ ካርታ መሳል ጀመርን፤ መስመሩ ከጅማ ወጥቶ ጅቡቲ ወደብ ላይ እንደደረሰ ደወል ተደወለ።

ልጅቷ ሲኒውን በሻሽ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እናቷ ከሰዓት ቡና ስለሚያፈሉ መመለስ አለበት።